የሞተር ብስክሌት ሰልባትዮ ከዝገት እንዴት ይጸዳል?

ጥሊሊ፤ የአዊ አካባቢ በፈረሰኞቹ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከጥሊሊ ከተማ ተነስቶ ወደ ገበሬው መንደር የሚሄደው የልማት ሠራተኛ በሞተር ብስክሌትም ይጓዛል። ፈረስ ሣርና ገብስ እንደሚሻ ሁሉ ሞተርም ንጹሕ ቤንዚን ይሻል።

በክረምት ጎዶሎ ሆኖ በቆመ የቤንዚን መያዣ፣ ማለትም ሰልባትዮ፣ ውስጥ እርጥብ አየር ይገባል። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ዘቅጦ ብረቱን ያዝጋል። የዝገቱ ቅርፊት የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ሲደፍን ሞተሩ መንገድ ላይ ይቆማል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በበረዶ ሣጥን የተጫነ የከብት ክትባት ሞቆ ይበላሻል። በ2002/2003 የምርት ዘመን በአገሪቱ ስንዴ ላይ ከባድ ጥፋት ያደረሰውን ቢጫ ዋግ የመሰለ በሽታ ሲነሳም ባለሙያው በጊዜ አይደርስም።

ጽዳቱ የሚከናወነው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ነው። ባዶ የመሰለ ሰልባትዮ በውስጡ በቀረው የቤንዚን ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል በብየዳ መንካት ክልክል ነው።

በመጀመሪያ ቤንዚኑ በክዳን ባለው ዕቃ ይገለበጣል። ሰልባትዮው ተፈትቶ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። የቤንዚን መክፈቻው ወጥቶ ቀዳዳው በጎማና በብሎን ይደፈናል። ቀጥሎ ተቆጥረው የታወቁ ዳዶዎች ከጥቂት ውሃ ጋር ገብተው በኃይል ይናጣል፤ ዳዶዎቹ ሲወጡ እንደገና ይቆጠራሉ። ከዚያም አቼቶ እስከ አፉ ተሞልቶ አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል። አቼቶው ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑን ማጥበቅ አይገባም። ዝገቱ ካልለቀቀ ሥራው ይደገማል።

አቼቶው ከወጣ በኋላ የቀረውን ኮምጣጣነት ለማጥፋት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ ቀጥሎም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። እጣቢው ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ይደፋል። እርጥብ ሆኖ ያደረ ብረት መልሶ ስለሚዝግ ወዲያው በፀሐይ ማድረቅ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት በውስጡ ማንከባለልና ትርፉን ማፍሰስ ያስፈልጋል። ሲገጠም የቤንዚኑ ፊልትሮ በአዲስ ይለወጣል። ብረቱ ተበልቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ሰልባትዮውን መለወጥ ይሻላል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሰኔ ከመግባቱ በፊት በአካባቢያቸው የሚያገለግሉትን ሞተሮች ማስመርመር፣ የሚቆመውም ሰልባትዮው ሞልቶ በጥላ ሥር እንዲቆም ማድረግ ይኖርባቸዋል። ጥቂት ሊትር አቼቶና የሁለት ቀን ሥራ የአንድ ክረምት አገልግሎት ያድናል።