የናባዓዋ ጡረታ በማን ስም ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤሩት ዳርቻ፣ ናባዓ ሰፈር ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ደረጃው በስልክ ብርሃን በሚወጣበት አንድ ሕንፃ ላይ ቡና ተፈልቷል። ከጠጪዎቹ አንዷ የወንድሟን የድምፅ መልእክት ደጋግማ ታሰማለች፤ «ብሩ አልጠፋም፣ ሠርቼበታለሁ» ይላል። ምን እንደሠራበት አልተናገረም። አሥር ዓመት በቤት ሠራተኝነት ሠርታ የላከችው ገንዘብ ነው።

አሥሩን ዓመት አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ብትሠራ ኖሮ፣ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ይገባላት ነበር። ሊባኖስ ግን እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጋለች። ጡረታዋ እንግዲህ የላከችው ብር ነው፤ የጡረታ ፈንዷ ሥራ አስኪያጅም ወንድሟ።

ባለአደራ ስንመርጥ ዝምድናን እናያለን። እኔ ግን ከዝምድናው በፊት ወረቀቱን አያለሁ። «ስትሄጂ ጠቅልዬ እሰጥሻለሁ» የምትል አሠሪ፣ መዳም፣ ከሁሉም የከፋች ባለአደራ ናት፤ ደሞዝ በየወሩ መቀበል ነው። ዕቁብ ዳኛና ዋስ ስላለው ይሻላል፤ ችግሩ ዕጣው እንደወጣ ገንዘቡ ተመልሶ ያው ወንድም እጅ መግባቱ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በውክልና ጉዳይ ጠንካራ ነው። ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ ይሠራል፤ ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው መጠቀም አይችልም፤ ሒሳብም ማቅረብ አለበት። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁሉንም ያድርግልኝ» ብሎ የመሸጥ ሥልጣን መጨመር የጡረታን ቁልፍ አሳልፎ መስጠት ነው። ውክልና ከሌለና ገንዘቡ በወንድም ሒሳብ ከገባ ደግሞ፣ ነገ ክርክር ቢነሳ «ለእናታችን ቀለብ የላከችው ነው» ሊባል ይችላል። የቀለቡን ለብቻ፣ የአደራውን ለብቻ መላክና «ይህ የእኔ ቁጠባ ነው» ብሎ በጽሑፍ ማስቀረት ወጪ የለውም።

ታማኝ ወንድምም ቢሆን ምንዛሪን አያቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመለቀቁ በፊት 1,000 ዶላር ተመንዝሮ 57,000 ብር ገደማ ተቀመጠ እንበል፤ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ ያ ገንዘብ 480 ዶላር አይሞላም። ሊባኖሳውያንም ይህን በከፋ መልኩ አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር፤ ያኔ ወደ 20,000 ዶላር የሚጠጋው የ30 ሚሊዮን ሊራ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ዶላር 89,500 ሊራ ሲገባ 335 ዶላር ሆነ። ፈንዱን ማንም አልሰረቀውም።

ለዚህ ነው በራስ ስም የሚከፈት የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብን የማስቀድመው። ባንኩ ግን ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ውክልናም ያለ ፓስፖርት አይሰጥም። ፓስፖርቷ መዳም ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈባት እህት እንግዲህ ያላት አማራጭ ያው ወንድሟን ማመን ነው።