የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብም ጥበቃ ይሻል

ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሞት ሲነሳ ቶሎ የሚታየን ነበልባልና ጭስ ነው። በአሜሪካ ግን በሥራ ላይ ከሚሞቱት 45 በመቶ ያህሉን የሚቀጥፈው የልብ ሕመም ነው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ እሳት ማጥፋት ከሥራ ጊዜያቸው ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ቢይዝም፣ በልብ ሕመም ከደረሰው ሞት 32 በመቶው የተከሰተው በዚያው ሰዓት ነው።

«ሥራው ራሱ ስፖርት አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ አብዛኛው ፈረቃ በመጠባበቅ ያልፋል። በደወል ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ ልብስና የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የልብ ምቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያሻቅባል፤ ሙቀቱና ላቡም ጫናውን ያባብሳሉ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጫና ያልተዘጋጀን ልብ ይጎዳል እንጂ አያጠነክርም። የሚያጠነክረው በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚሠራ ሩጫና የጡንቻ ልምምድ ነው።

«በ24 ሰዓት ፈረቃ ምግብ ማን ይመርጣል?» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጣቢያው የጋራ ማዕድ ቤት ስላለው አንድ ውሳኔ የሁሉንም ገበታ ይለውጣል፦ በጥብስና በለስላሳ መጠጥ ፋንታ ምስር፣ አትክልት፣ ዓሣና ውሃ። ስለዚህ አለቆች ለራስ ቁርና ለጭንብል የሚመድቡትን ትኩረት ለልምምድ ሰዓትና ለማዕድ ቤቱም ሊመድቡ ይገባል።