የቀበሮው ቀለብ

በእስራኤል ከገደራ ወጣ ባሉት ሞሻቮች (የገበሬ መንደሮች) ወይም በቅርያት ማላኺ ዳርቻ ያደረ ሰው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሚመጣውን ጩኸት ያውቀዋል። አንዱ ከብርቱካኑ እርሻ ውስጥ ይጀምራል፣ ሌላው ከማዶ ይመልስለታል፣ የመንደሩ ውሾችም ያብዳሉ። ከጎንደር ገጠር የመጡ እናቶችና አባቶች «ቀበሮ ነው» ብለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ጅብ ሲጮህ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንስሳ ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም። ዕብራይስጡ «ታን» የሚለው፣ ክብደቱ አሥር ኪሎ ገደማ የሆነ ወርቃማ ቀበሮ ነው። አይጥ፣ ጥንብ፣ የረገፈ ወይን፣ ሰው የጣለው ትርፍራፊ፣ ሁሉም ለእሱ ምግብ ነው።

ለከብት አርቢ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በጎላን ከብት የሚያረቡ ሰዎች ቀበሮ ጥጃ ጨረሰብን እያሉ ሲያማርሩ፣ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮራም ዮም ቶቭና ባልደረቦቹ ጉዳዩን አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጽሑፋቸው እንደሚለው፣ ከተወለዱት ጥጆች ውስጥ ቀበሮ የገደላቸው ከ1.5 እስከ 1.9 በመቶ ናቸው። ጥጃ የሞተበት ሰው በመቶኛ አያስብም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከጩኸቱ ያነሰ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጊዜው ነው። አብዛኞቹ የተበሉት በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ምጥ የያዛትን ጊደር ማየት ይበቃል። ከመንጋው ተለይታ ቁጥቋጦ ሥር ትተኛለች። የሽርት ውኃው ሲፈስ ሽታው በነፋስ ይሄዳል። ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ቀበሮዎች መጥተው ራቅ ብለው ቁጭ ይላሉ፤ የመጡት እንግዴ ልጁን ብለው ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ቶሎ ተነሥታ ጥጃዋን እየላሰች ካቆመችው፣ እንግዴ ልጁን በልተው ይሄዳሉ። ምጡ ከረዘመ፣ ጊደሯም ደክማ መነሣት ካቃታት ግን ገና መሬት ላይ የሚንፈራገጠው እርጥብ ጥጃ እንደ እንግዴ ልጁ ቀላል ሲሳይ ነው። አሥር ኪሎ እንስሳ ቆሞ የሚሮጥን ጥጃ መጣል ይከብደዋል። ስለዚህ የቀበሮና የከብት ጠብ የሚበዛው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ የምትወልደውን ላም ለሁለት ሦስት ቀን ጥሩ አጥር ባለው ግቢ ማሳደር ከብዙ ጥይት ይሻላል።

ግን ያ ሁሉ ቀበሮ ጎላን ላይ ምን ሲበላ ኖረ? ጥናቱ ጣቱን የቀሰረው በየሜዳው ያለ ፈቃድ በሚጣለው ቆሻሻ ላይ ነው። ጋይ ሮተምና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ቀበሮዎች ላይ መከታተያ መሣሪያ አስረው የሚውሉበትን ስፋት ለኩ። ከመንደር ርቆ በተፈጥሮ ቦታ የሚኖረው ቀበሮ በአማካይ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲዞር፣ በመንደር አጠገብ ያለው 7 የማይሞላ ስፋት ይበቃዋል። ሆዱን ለመሙላት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ማለት ነው።

ቅርያት ማላኺን የከበበው የበኤር ቱቪያ ወረዳ የዶሮና የወተት ላም አገር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ባሉበት ሉል (የዶሮ ቤት) ውስጥ በየቀኑ የሚሞት አይጠፋም። ሬሳው ጠዋት ጠዋት ተለቅሞ ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ መግባት አለበት። ክዳኑ ተከፍቶ ከተተወ ወይም ሬሳው ከሉሉ ጀርባ ከተወረወረ፣ በማግስቱ የሚገኘው ነጭ ላባ ብቻ ነው። እንዲህ የሚቀለብ እንስሳ ቢበዛ ምን ይገርማል?

ሰው ግን ሬሳውን ከመሰብሰብ ይልቅ መርዙ ይቀናዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ተብሎ በእስራኤል በተካሄደ የመርዝ ዘመቻ ታን ከአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ተመልሶ እንደመጣ የዛሬው ሌሊት ይናገራል። መርዝ ደግሞ የሚበላውን አይመርጥም። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጎላን ላይ ስምንት ጥንብ አንሳዎች ተመርዘው ሞተው ተገኙ፤ በአካባቢው የቀሩት ሃያ ገደማ ብቻ ነበሩ።

በጥይትም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። የቀበሮ ባልና ሚስት የራሳቸውን ክልል ይዘው ሌላውን ያባርራሉ፤ የአምና ልጆቻቸውም ብዙ ጊዜ ሳይወልዱ ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ። ጥንዱ ሲገደል ቦታው ለወጣቶች ይለቀቃል። በደቡብ አፍሪካ በሌላው የታን ዘመድ፣ ጀርባው ጥቁር በሆነው ቀበሮ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ በሚታደኑበት እርሻ ላይ ሴቶቹ በለጋነታቸው ያረግዛሉ፣ በአንድ ጊዜ የሚይዙትም ይበዛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥጃ ከተበላ በኋላ የሚተኮስ ጥይት ጥፋተኛውን ማግኘቱም ያጠራጥራል።

ቀለቡ ቢቆረጥስ? ጊላድ ቢኖና ባልደረቦቹ በእስራኤል የገጠር መንደሮች ይህን ሞከሩ፤ የሞከሩት በታን ሳይሆን «ሹዓል» በሚባለው ትንሹ ዘመዱ ላይ ነው። የሚጣለው ምግብ ሲቀንስ እንስሳቱ ወይ የሚዞሩበትን አሰፉ ወይ ቦታ ቀየሩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እዚህ ላይ ብናቆም መልሱ «ቆሻሻውን ዝጋ» ይሆን ነበር። እኔ ግን ማቆም የማልችለው ስለ ትግራይ ጅብ ስለማውቅ ነው።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀኛል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላም፣ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ለጅብ የሚጣል አጥንትና ቆዳም ይጠፋል። ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰበሰቡ። ጅብ አጥንት ሲፈጭ ፀጉር ግን አይፈጭለትም፤ በኩሱ ይወጣል። እያንዳንዱ እንስሳ የፀጉሩ ላይ ቅርፊት የራሱ መልክ ስላለው፣ የማን እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይለያል። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ሰው ሲጾም አህያ ተበላ ማለት ነው።

የቢኖንና የትግራዩን ጥናት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እንደማይጣሉ ይገባኛል። ትርፍራፊ አውሬውን ወደ መንደር ያመጣዋል፣ ያበዛዋልም፤ ያ ትርፍራፊ ባንድ ጀምበር ሲጠፋ ግን የበዛው አውሬ እዚያው ነው፣ ርቦታል፣ በረቱም ቅርብ ነው። የቢኖ እንስሳት የሞቱትና የተበተኑት ቀለባቸው ስለቀረ ነው፤ የትግራዩ ጅብ ግን አህያ የሚያህል ሌላ ቀለብ አጠገቡ ነበረው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ አጥሩና የማዋለጃው ግቢ፣ ቀጥሎ የሉሉ ሬሳ።

ታንን ፈጽሞ ማጥፋት ለገበሬውም አይበጀውም። ዱሽኮ ቺሮቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሰሉት፣ በአውሮፓ ያሉ ቀበሮዎች በዓመት ከ13 ሺህ ቶን በላይ የእንስሳት ተረፈ ምርት ያነሣሉ፣ 158 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰብል አጥፊ አይጦችንም ይበላሉ። የሚቀረው የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ነው፤ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በሰሜን እስራኤል በቀበሮዎች መካከል ተዛምቶ ነበር። ለዚህ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምግብ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ከአውሮፕላን ይጣላል፤ ቀበሮዎቹ ሲበሉት ይከተባሉ።

የሉሉን ጀርባ ለማጽዳት የወሰነ ሞሻቭ ጊዜም ቢመርጥ ይጠቅመዋል። በፋሲካ ሰሞን ታን ግልገል ስለምታሳድግ ብዙ ቀለብ ያስፈልጋታል፤ ያን ጊዜ ማጠራቀሚያውን መዝጋት ከጥጃና ከዶሮ ጋር ማፋጠጥ ነው። ግልገሎቹ አድገው፣ ወይኑና ሐብሐቡ በየማሳው በሚተርፍበት በበጋው ሙቀት ቢጀመር ይሻላል።