ከአስፋልቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል የሚነዳ ሰው ዛሬም ከመንገዱ በላይ የተጋደሙ ትላልቅ የብረት መዋቅሮችን ያያል። ስማቸው የወፍ ስም ነው፤ አንዱ ፍላሚንጎ፣ ሌላው ፔሊካን፣ ሌላው ደግሞ ኡኮዚ ይባላል፤ በዙሉኛ ንስር ማለት ነው። በእነሱ ላይ የተተከሉት ካሜራዎች ከአሥር ዓመት በላይ የየመኪናውን ታርጋ ሲያነሱ ኖረዋል። ኢ-ታግ የምትባለውን ትንሽ ሣጥን በፊት መስታወቱ ላይ የለጠፈ አሽከርካሪ በሥራቸው ሲያልፍ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የመንገድ መጠቀሚያ ሒሳብ ተቆረጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2024 እኩለ ሌሊት ላይ ግን ክፍያው ቆመ።

ሁለቱ ከተሞች የሚገኙበት የሃውቴንግ ግዛት አውራ ጎዳናዎች የማስፋፊያ ሥራ የተጀመረው በ2008፣ የ2010 የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ነው። ብሔራዊው የመንገዶች ኤጀንሲ፣ ሳንራል፣ ወደ 20 ቢሊዮን ራንድ ገደማ ተበድሮ 201 ኪሎ ሜትር መንገድ አሻሻለ። ዕዳውን ተጠቃሚው ይክፈል ተባለ። መንገዱ ሰፋ፤ ሕዝቡም ነዳበት። ታሪፉ በ2011 ይፋ ሲሆን ግን ቁጣው ገነፈለ።

የቁጣውን ምክንያት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ መክፈል ያልፈለገ ሰው በቢሾፍቱ የሚያልፈው ነባሩ መንገድ አለለት። የጆሃንስበርግ ነዋሪ ግን እንዲከፍል የተጠየቀው ለዓመታት ወደ ሥራ ሲመላለስበት በኖረው በዚያው በነባሩ ጎዳና ላይ ነው። በነዳጅ ላይ ግብር እየከፈልን ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን አለ። ከገንዘቡ ውስጥ ስንቱ ለሰብሳቢው እንደሚቀር ጠየቀ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መቼ አማከራችሁን አለ።

ተቃውሞው ሁሉንም አገናኘ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኮሳቱ መኪኖችን በአውራ ጎዳናው ላይ በዝግታ እያስነዳ ሰልፍ ወጣ። ኦውታ የተባለው ጥምረት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ክፍያው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኤፕሪል 28 ቀን 2012፣ የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አገደው። በሴፕቴምበር ወር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እግዱን አነሣ፤ ክፍያውም በዲሴምበር 3 ቀን 2013 ተጀመረ።

በችሎት የተረታው ሕዝብ በመንገዱ ላይ ረታ። አብዛኛው አሽከርካሪ የሚደርሰውን ሒሳብ ሳይከፍል ቀረ። በ2015 በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲሪል ራማፎሳ የወሩን ክፍያ ጣሪያ ወደ 225 ራንድ ዝቅ ቢያደርጉም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በ2019 ሳንራል ያልከፈሉትን በፍርድ ቤት ማሳደዱን አቆመ። በ2022 የገንዘብ ሚኒስትሩ ኢኖክ ጎዶንግዋና ወለዱን ጨምሮ 47 ቢሊዮን ራንድ ገደማ ከደረሰው ዕዳ 70 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት፣ 30 በመቶውን ግዛቱ እንደሚሸከሙ አስታወቁ።

ይህን ድል ብቻ ብሎ ማለፍ ግን እውነቱን ማጉደል ነው። ዕዳው አልጠፋም፤ ትከሻ ቀየረ እንጂ። በእነዚያ ጎዳናዎች ነድታ የማታውቅ የሌላው ግዛት፣ የሊምፖፖ፣ ገበሬም ሸቀጥ በገዛች ቁጥር በምትከፍለው ግብር ድርሻዋን ታዋጣለች። ሕግ አክብሮ በየወሩ የከፈለውም ሰው ባልከፈለው ጎረቤቱ ፊት ተጎጂ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ነው ሕዝብን ማማከር የወረቀት ሥርዓት ማሟያ ተደርጎ ሊታይ የማይገባው። ከግንባታው በፊት በጋዜጣ የወጣውን ማስታወቂያ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። ያኔ በየሠፈሩ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ወጪውም ታሪፉም በግልጽ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ እንቢታውን ወይም እሺታውን አንድም ኪሎ ሜትር ሳይሠራ ያሰማ ነበር። ሳይጠየቅ የቀረው ሕዝብ መልሱን ሰጠ፤ መልሱ የደረሰው ግን አስፋልቱ ከተነጠፈና ወለዱ ከተቆለለ በኋላ ነው።