የተቆረጠው ይመለስ? ሳያልቁ የተሸጡ ጌሞችና የዳግም ሕትመታቸው ክርክር

በጎንደር ፒያሳና በዙሪያው ባሉ ጌም ቤቶች አንድ ጌም ከተጫነ በኋላ የሚሻሻለው ከስንት አንዴ ነው። ፕሌይስቴሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ጌሙ ከሲዲ፣ ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ይገባል፤ ደንበኛው በጨዋታ ወይም በሰዓት ሒሳብ ይከፍላል፤ ጆይስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ ከሠሪው ጎዶሎ ሆኖ የወጣ ጌም እዚህም ጎዶሎ ሆኖ ይኖራል። «ጉድለቱን በኋላ በአፕዴት እንሞላለን» የሚለው የአሳታሚዎች ተስፋ ፒያሳ ድረስ አይዘልቅም።

በጌም ዓለም ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረውን አንድ ክርክር ከዚህ ቦታ ሆኖ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አሳታሚዎች ሳያልቁ የሸጧቸውን ጌሞች፣ ተቆርጠው የቀሩትን ክፍሎች መልሰው፣ እንደገና ማውጣት አለባቸው ወይ? ይህ ዳሰሳ ክፍሎቹ ለምን እንደሚቆረጡ፣ እስካሁን ማን እንደመለሳቸው፣ ምን እንደተሳካና ምን እንደከሸፈ ይቃኛል። የውጭ ጌሞች ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. ተብለው ተጽፈዋል።

ለምን ይቆረጣል?

ከማንኛውም ትልቅ ጌም የሚጣል ነገር አለ። ምክንያቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ክርክሩ የሚወሳሰበውም ምክንያቶቹ ሲደባለቁ ነው።

የመጀመሪያው የጊዜ እጥረት ነው። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ «ስታር ዋርስ፦ ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ 2»ን የሠራው በጥድፊያ ነበር፤ ጌሙ ለ2004 የገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ደረሰም። ነገር ግን አንድ ሙሉ ፕላኔት፣ የሮቦት ፋብሪካና የታሪኩ መደምደሚያ ትልቅ ክፍል ተጥለው ነበር። ተጫዋቹ ከብዙ ሰዓታት ጉዞ በኋላ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አብረውት የነበሩት ገጸ ባሕርያት የት እንደገቡ ሳይነገረው ይሰናበታል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። በአገራችን ወጣቶች ዘንድ እጅግ የታወቀው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» በ2004 ሲወጣ ለዕድሜ ደረጃው የማይመጥን የወሲብ ትዕይንት ተቆርጦለት ነበር። ሠሪዎቹ ግን ትዕይንቱን ከሲዲው አላጠፉትም፤ በሩን ቆለፉት እንጂ ቤቱን አላፈረሱም። ኮድን ነቅሎ ማውጣት ሌላውን ክፍል ሊያበላሽ ስለሚችል ይህ በሙያው የተለመደ አሠራር ነው። በ2005 አንድ ሆላንዳዊ ቁልፉን ሰበረው። የአሜሪካው የጌም ደረጃ ሰጪ አካል ጌሙን ለአዋቂዎች ብቻ ወደሚፈቀደው መደብ አዛወረው፤ ትልልቅ መደብሮችም ከመደርደሪያቸው አነሡት።

ሦስተኛው የገበያ ስሌት ነው። ኒንቴንዶ «ስታር ፎክስ 2»ን በ1995 አካባቢ ከሞላ ጎደል ጨርሶት ነበር፤ ነገር ግን በአዳዲሶቹ ኮንሶሎች ፊት ያረጀ እንዳይመስል ብሎ አስቀረው። አራተኛው የሠሪው የራሱ ምርጫ ነው። አንድ ምዕራፍ አሰልቺ ሆኖ ሲገኝ ወይም ታሪኩን ሲጎትት ይጣላል። ይህ አርትዖት ነው፤ ደራሲ ረቂቁን እንደሚያሳጥረው ሁሉ።

እነዚህን መለየት ለጥያቄው ወሳኝ ነው። ጊዜ ስላጠረ የተቆረጠ ክፍል ሠሪው ራሱ ቢችል ኖሮ የሚያስገባው ነው። ስላልረባ የተቆረጠው ግን ተመልሶ ቢገባ ሥራውን ያበላሸዋል።

አፍቃሪዎቹ ቀደሙ

ተቆርጦ የቀረውን ፍለጋ መጀመሪያ የወጡት አሳታሚዎች አልነበሩም። የ«ኦልድ ሪፐብሊክ 2» ተጫዋቾች በሲዲው ውስጥ ተዘግተው የቀሩትን የተቀረጹ ንግግሮች፣ ሥዕሎችና ትዕይንቶች አንድ በአንድ አውጥተው ለዓመታት ሰፉ። የደረሱበት ሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በጌሙ ላይ የሚጭኑት ማሻሻያ) ዛሬ ከጌሙ ተለይቶ አይታይም። በ2015 አስፓየር የተባለው ኩባንያ የኮምፒውተሩን ቅጂ ሲያድስ ሞዱ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር በኩል በቀላሉ እንዲጫን መንገድ ከፈተለት።

ሌላው ታዋቂ ምሳሌ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ — ብለድላይንስ» ነው። ጌሙ በኅዳር 2004 ከ«ሃፍ ላይፍ 2» ጋር በአንድ ቀን ወጥቶ በስህተት ብዛት ተወቀሰ፤ ሠሪው ትሮይካ ብዙም ሳይቆይ በ2005 ተዘጋ። ጠጋኝ የሌለውን ጌም ተረክቦ እስካሁን የሚጠግነው በሙያው ኬሚስት የሆነ አንድ ጀርመናዊ ነው። የእርሱ ጥገና ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ስህተቶችን ብቻ ያርማል፤ ሁለተኛው የተቆረጡ ክፍሎችንም ይመልሳል። ተጫዋቹ ሲጭን ይመርጣል። ጎግ የተባለው የጌም መደብር ዛሬ ጌሙን የሚሸጠው የመጀመሪያውን ጥገና ጨምሮ ነው።

አፍቃሪዎቹ በነፃ የሠሩት ይህ ሥራ አሳታሚዎቹን የሚያሳፍር ነው። ይሁን እንጂ ወሰን አለው። ሞድ የሚሠራው በአብዛኛው ለኮምፒውተር ነው፤ ኮንሶል ብቻ ያለው ተጫዋች አያገኘውም። ፈቃዱም በባለመብቱ ዝምታ ላይ የቆመ ነው።

አሳታሚዎቹ ሲሞክሩት

ሴጋ በ1992 ከወጣው «ሶኒክ 2» ተቆርጦ የነበረውን «ሂደን ፓላስ» የተባለ ክፍል በ2013 በስልክ ቅጂው መለሰው። ሥራውን የሰጠው ከአፍቃሪነት ተነሥተው ሙያተኛ ለሆኑ ልጆች ነበር። ኒንቴንዶም «ስታር ፎክስ 2»ን ከሃያ ዓመት በላይ ካስቀመጠ በኋላ በ2017 አወጣው። በ2003 ሳያልቅ ወጥቶ ስሙን ያጎደፈው «ቶምብ ሬደር፦ ዘ ኤንጅል ኦቭ ዳርክነስ» በየካቲት 2025 ታድሶ ሲመለስ ከቀሩት ነገሮች አንዳንዶቹ አብረው ተመለሱ። ያደሰው ያው አስፓየር ነው።

አስፓየርን ሁለቴ መጥቀስ ያስፈለገው የክሽፈቱም ባለቤት ስለሆነ ነው። በ2022 «ኦልድ ሪፐብሊክ 2»ን ለኒንቴንዶ ስዊች ሲያወጣ የተመለሰው ክፍል በተጨማሪነት በነፃ እንደሚሰጥ አስተዋወቀ። መጀመሪያ ጌሙ ራሱ ተጫውቶ መጨረስ የማይቻል ሆኖ ተገኘ። በሰኔ 2023 ደግሞ የተመለሰው ክፍል እንደማይመጣ ተነገረ። ገዢዎች በምትኩ ሌላ ጌም ተሰጣቸው፤ ክስም ተከተለ። ለኮምፒውተር ተጫዋች በነፃ የሚገኝ ሥራ ለኮንሶል ተጫዋች ተስፋ ተሽጦበት ቀረ።

የጂቲኤ አሳታሚ የሮክስታርም ታሪክ ትምህርት አለው። በ2021 ሦስቱን አሮጌ ጂቲኤዎች፣ ሳን አንድሪያስን ጨምሮ፣ አድሶ ሲያወጣ የቀድሞዎቹን ከዲጂታል መደብሮች አወረዳቸው። አዲሱ ቅጂ በተበላሹ ፊቶችና በስህተት ተሞልቶ ወጣ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የኮምፒውተሮቹን አሮጌ ቅጂዎች ወደ መደብሩ ለመመለስ ተገደደ።

ከሁለቱ ወጣ ያለ መንገድ የተከተለው ኮናሚ ነው። የ«ሜታል ጊር ሶሊድ 5» 51ኛው ተልእኮ ሳያልቅ ቀርቶ ነበር። ኮናሚ በ2015 በልዩው እትም ውስጥ ያልተጠናቀቀውን በቪዲዮ፣ ካልተቀባ ሥዕሉና ከንድፉ ጋር፣ እንደነበረ አሳየ። ያለቀ አላስመሰለውም። ተጫዋቾች በቀረው ተቆጩ፤ ምን እንደቀረ ግን በዓይናቸው አዩ።

ምን ያስቸግራል?

የመጀመሪያው እንቅፋት የምንጭ ኮድ መጥፋት ነው። በ2012 የወጣው የ«ሳይለንት ሂል» ኤችዲ ስብስብ አዘጋጆች የተረከቡት የመጨረሻውን ኮድ ሳይሆን ያላለቀ ቅጂ ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ታርመው የነበሩ ስህተቶችን እንደገና ሲያርሙ ከረሙ። ኩባንያዎች ለራሳቸው ሥራ ማኅደር አለማበጀታቸው ውጤቱ ሰፊ ነው። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም።

ሁለተኛው መብት ነው። ፊልምን መሠረት ያደረገ ጌም ባለቤቱ ብዙ ነው፤ ሙዚቃውና ድምፁም የየራሳቸው ውል አላቸው። በእኛም አገር ሕግ ነገሩ ቀላል አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ለሥራ አመንጪውም ከገንዘብ መብቱ በተጨማሪ ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም የሞራል መብት ይሰጣል። የተቆረጠውን መመለስ አንዳንዴ የሠሪውን ሐሳብ ማክበር ነው፤ አንዳንዴም መጣስ።

ሦስተኛው የጎደለውን በምን እንሙላው የሚለው ነው። ተዋናዩ ያልቀረጸው ንግግር ሲያጋጥም ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ድምፁን መቅዳት ይቻላል። የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት የተጠጋ የጌም ሥራ ማቆም አድማ ካደረገባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

በእኛ ዘንድ

የኢትዮጵያ ጌም ሥራ ገና ወጣት ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው ስቱዲዮ የሠራቸው «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» ለስልክ የተሠሩና የአገር መልክ ያላቸው ናቸው። የተቆረጠ ክፍልን የመመለስ ጥያቄ ገና አልደረሰባቸውም። በሥነ ጽሑፋችን ግን ዘመድ ጉዳይ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ፤ መጽሐፉ በነፃነት እንደገና የታተመው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ም በይዘቱ ምክንያት ለአስርት ዓመታት በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም ቆይቷል። ሁለቱም ሲወጡ አንባቢው የፈረደው በሙሉው ሥራ ላይ ነበር። የመንግሥት ሳንሱርና የአሳታሚ ጥድፊያ አንድ አይደሉም፤ ለአንባቢውና ለተጫዋቹ ግን ውጤታቸው ይቀራረባል፤ ሁለቱም ሌላ ሰው በወሰነው ልክ ይቀበላሉ።

ጌም ቤቶቻችን ላይ ደግሞ የተለየ ችግር አለ። በኳስ ጌም ይህ ጎልቶ ይታያል። ኮናሚ ፔስ የሚለውን ስም ትቶ በመስከረም 2021 «ኢፉትቦል»ን ሲያወጣ ጌሙ የጥቂት ክለቦች ምርጫ ብቻ ይዞ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ፣ በስቲም ላይ እጅግ ዝቅተኛ ግምገማ ከተሰጣቸው ጌሞች ተርታ ተሰለፈ። ቀስ በቀስ ተሻሻለ፤ ግን በኢንተርኔት። ኢንተርኔት የሌለው ፔስ 2021ን ይዞ መቆየቱ ግትርነት አይደለም፤ ያለቀው እርሱ ነውና። ሶኒ ፕሌይስቴሽን መደብሩን ለኢትዮጵያ በይፋ አልከፈተም። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚወርድ ጥገና እንደሌለ ይቆጠራል።

ከጥገና ልምድ

ጎንደር ስለ ጥገና የምታውቀው ነገር አለ። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር። ሲሚንቶው ከጥንቱ ድንጋይና ኖራ ጋር ስላልተስማማ ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ሥራ ኖራው እንዲመለስ ተደረገ። የጌሙ ሲሚንቶ ማንም ያልጻፈው ንግግርና ማንም ያልተናገረው ድምፅ ነው። ጎዶሎውን ይሞላል፤ ግን ሥራውን የሌላ ሰው ሥራ ያደርገዋል።

የከተማዋ የመጻሕፍት ሊቃውንትም በአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ንባብ ለማጽደቅ ሌላውን አይፍቁም፤ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች ልዩነትም በዚሁ መንገድ ተጠብቆ ኖሯል። የጀርመናዊው ኬሚስት ሁለት መልክ ያለው ጥገና ከዚህ ሥርዓት የራቀ አይደለም።

እንግዲህ መልሱ፦ አዎ፣ ይመለስ፤ ሸጦ ያላስረከበውን ማስረከብ የአሳታሚው ዕዳ ነው። ዕዳው ግን አራት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቅጂ ከገበያ አይነሣ። የተመለሰው ክፍል በተጫዋቹ ምርጫ የሚበራና የሚጠፋ ይሁን። ያላለቀው ያላለቀ ተብሎ ይታይ እንጂ በፈጠራ አይሞላ። ሁሉም ነገር በሲዲው ወይም በሚገለበጠው ፋይል ውስጥ ተሟልቶ ይግባ። ሦስቱን መስፈርቶች ሀብታም ገበያ ያለው ተጫዋችም ይጠይቃቸዋል። አራተኛው ግን የፒያሳው ተጫዋች ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ሰርቨር ሲዘጋና መደብር ሲቋረጥ ደግሞ የለንደኑም የቶኪዮውም ተጫዋች እየደረሰበት ነው። ቅኔን የመሰሉ የእኛ ስቱዲዮዎችም ይህን ከወዲሁ ቢይዙት ይበጃል፤ የሚጥሉትን ክፍል ከነምንጭ ኮዱ ቢያስቀምጡ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ሊያድሳቸው የሚመጣ ሰው ከፍርስራሽ አይጀምርም።