የሠርግ አልጋ በቀብድ ብቻ አይታሰርም

ጥር ሲገባ በአዳማ የሚወደደው ሥጋና ቅቤ ብቻ አይደለም፤ አልጋም ይወደዳል። ከአዲስ አበባ፣ ከአሰላና ከሻሸመኔ ለሚመጡ ሠርገኞች 20 ወይም 30 ክፍል ባንድ ጊዜ የሚይዝ ደጋሽ ውሉን አስቀድሞ ካላጠበቀ፣ እንግዳው ሻንጣውን እንደያዘ ደጅ ሊቆም ይችላል።

የገበያው ጠባይ ከቀን መቁጠሪያው ይጀምራል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በጾም አይሞሸሩም። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 ቀን ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ቀን ዘግይቶ አይገባም። በመሆኑም ከጥምቀት በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት በአንዳንዱ ዓመት 20 ቀን ያህል፣ በሌላው ከ50 ቀን በላይ ነው። ጾሙ በጊዜ በሚገባበት ዓመት ደጋሹ ሁሉ በ2 ወይም በ3 ቅዳሜና እሁድ ይሻማል። ቢሾፍቱ በመንገድ ላይ ብትሆንም የሐይቅ ዳር ሆቴሎቿ የራሳቸው ሠርገኛ አላቸው።

ሌላው ተሻሚ ዐውደ ጥናት ነው። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሰኞ ጧት ለሚጀመር ስብሰባ ተሳታፊው እሁድ ማታ ይገባል፤ የቅዳሜ ሠርገኛ ደግሞ ሰኞ ጧት ይወጣል። ሁለቱ የሚጋጩት በእሁድ ሌሊት ነው።

ለመሆኑ ቀብድ ምን ያህል ያስራል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደደነገገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል።

ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 20 ክፍል ለ2 ሌሊት በ1,500 ብር ሒሳብ ቢያዝ 60,000 ብር ነው እንበል። ቀብዱ 10 በመቶ ከሆነ 6,000 ብር ይሆናል። ሆቴሉ ቢያፈርስ 12,000 ብር ይመልሳል፤ ከራሱ ኪስ የሚወጣው ግን 6,000 ብር ብቻ ነው። እነዚያኑ ክፍሎች ለዐውደ ጥናት ለ5 ሌሊት ቢያከራይ 150,000 ብር ያስገባል። መቀጫውን ከፍሎም ከሠርጉ ይልቅ በ84,000 ብር የበለጠ ገቢ ያገኛል።

መፍትሔው ሕጉ «ሌላ ስምምነት» ባለው ላይ ነው። ሆቴሉ ክፍሉን ለሌላ ከሰጠ በዚያው ከተማ ተመጣጣኝ አልጋ እንዲያገኝና የዋጋውን ልዩነት እንዲሸፍን በጽሑፍ ማስፈረም ይቻላል። ዋጋው የ10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያንና የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆኑም ይጻፍ። ካልተካተተ 1,500 ብር የተባለው ክፍል 1,897.50 ብር ይሆናል፤ ለ20 ክፍል በ2 ሌሊት 15,900 ብር ይጨምራል።

ባለሆቴሉም ሥጋት አለበት። የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ምሽቱን ጨፍሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ እንግዳ ብዙ ነው። 20 ተይዞ 12 ብቻ ሲታደርበት ኪሳራው የሆቴሉ ነው። ስለዚህ ከሠርጉ 10 ቀን በፊት የእንግዶች ስም ዝርዝር እንዲገባና ስም ያልቀረበለት ክፍል እንዲለቀቅ መስማማት ሁለቱንም ይጠቅማል።

አልጋ የሚያገናኝ ደላላም ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት እነዚህ ነጥቦች በውሉ ላይ መስፈራቸውን ቢያይ ደንበኛው ለከርሞም ይመለስለታል።