የመረጃ ቋት ከተዛወረ በኋላ ፍለጋ ለምን ይዘገያል? የሥነ ሕዝብ መዝገብ እንደ ማሳያ

እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት ወረዳ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን በየቤተሰቡ ይመዘግባል። እንዲህ ባለ መዝገብ ፍለጋው ሲዘገይ መዝጋቢው ተስፋ ቆርጦ ነባሩን ነዋሪ እንደ አዲስ ሊያስገባው ይችላል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ደግሞ የልደትና የሞት ምጣኔ ይዛባል። ይህ ጽሑፍ መሰል መዝገብ እንደ ፎክስፕሮ ካለ ነባር ሥርዓት ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ሲዛወር የሚያጋጥመውን መዘግየት መንስኤና መፍትሔ ያብራራል።

የመጀመሪያው መንስኤ የስታቲስቲክስ አለመታደስ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል የፍለጋ መንገዱን የሚመርጠው ስለ ሠንጠረዡ ባለው ግምት ነው። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ «አናላይዝ» የተባለው ትእዛዝ ካልተሰጠ ግምቱ ስለሚሳሳት ረጅሙን መንገድ ሊመርጥ ይችላል። በተጨማሪም ግለሰብን ከቤተሰቡ ጋር የሚያያይዘው ዓምድ ኢንዴክስ በራሱ አይበጅለትም፤ ባለሙያው ራሱ ሊያበጅለት ይገባል።

ሁለተኛው መንስኤ የመለያ ቁጥር አቀማመጥ ነው። በፎክስፕሮ የጽሑፍ ዓምድ ስፋቱ የተወሰነ በመሆኑ ትርፉ ቦታ በባዶ ክፍተት ይሞላል። ክፍተቱ ሳይጠረግ ከተዛወረ ጠያቂው በእያንዳንዱ ፍለጋ ዓምዱን ለመከርከም ይገደዳል። የተከረከመ ዓምድ ደግሞ በተራው ኢንዴክስ አይፈለግም፤ ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። መፍትሔው በዝውውሩ ጊዜ አንድ ጊዜ አጽድቶ ማስገባት ነው።

ሦስተኛው መንስኤ የእኛው ፊደል ነው። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሐይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን በእያንዳንዱ ፍለጋ ጊዜ መተካት ያንኑ ሙሉ ንባብ ያስከትላል። ስለዚህ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ፣ ለአንድ ግብዓት ምንጊዜም አንድ ውጤት የሚሰጥ ተግባር ጽፎ፣ በውጤቱ ላይ ኢንዴክስ ማበጀት ይመረጣል። የነዋሪው ስም እንደተጻፈ ይቆያል፤ የሚለወጠው መፈለጊያው ብቻ ነው። ስሙን በመነሻ ፊደላቱ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ኢንዴክሱ «ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» በተባለው አማራጭ መበጀት ይኖርበታል፤ አለዚያ በብዙ የቋንቋ ቅንብሮች ሥር አያገለግልም።

ይሁን እንጂ ኢንዴክስ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ አዲስ ልደት በተመዘገበ ቁጥር እያንዳንዱ ኢንዴክስ መታደስ አለበት። ስለሆነም አስቀድሞ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» በተባለው ትእዛዝ ጊዜው የት እንደሚባክን መለካት፣ አንዱን ብቻ ማስተካከል፣ ከዚያም መልሶ መለካት ይገባል። ከሁሉም በላይ ነባሩ ሥርዓት ከመዘጋቱ በፊት የተመረጡ ጥያቄዎችን በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ ጠይቆ መልሶቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ፈጥኖ የመጣ የተሳሳተ መልስ ዘግይቶ ከመጣ ትክክለኛ መልስ የከፋ ነውና።